በድልድይ የምትመላለሰው ወንበር

ጉም የድንበሩን ወንዝ ከነድልድዩ ውጦታል። የጭነት መኪኖች ከነጩ ውስጥ ብቅ ይሉና ተመልሰው ስልም ይላሉ፤ ድምፃቸው እንኳ በሕልም እንደሚሰማ ነው። ከተማው «ባለመቀሱ» የሚላቸው፣ የመኪና ወንበር ልብስ ሲሰፉ ያረጁት ሰው፣ የባለሙያዎች ማኅበር አዳራሽ እስኪከፈት ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ሸለብ እያደረጋቸው ነበር።

«አጎቴ!» የሚል ድምፅ አባነናቸው። የእህታቸው ልጅ ናት። ማዶ ባለው የመኪና ፋብሪካ የዕቃ ግዢ ሠራተኛ ስትሆን፣ ወደ ሥራዋ ስትሻገር ድንገት አየቻቸው።

«እንደምን አደሩ? በዚህ ብርድ ምን ያስቀምጥዎታል?»

«ስብሰባ አለን፣ የኔ ልጅ። ድልድዩን የሚሻገር የመኪና ዕቃ ሁሉ ይቀረጥ ያልኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ማኅበሩ ከደገፈው ለመንግሥት ይቀርባል። የውጭ ዕቃ አጥለቀለቀን እኮ!»

ልጅቱ ክው አለች፤ ሰዓቷን ረስታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አይቆጡኝና፣ እርስዎ የሚሰፉት ልብስ ከቤትዎ ወጥቶ የት ይሄዳል?»

«ማዶ ነዋ! ስፖንጅ ይሞሉታል።»

«ከዚያስ?»

«ተመልሶ መጥቶ ጎረቤቴ በያጁ ብረቱን ይገጥምለታል። ደግሞ ይሻገርና እናንተ መኪና ውስጥ ታስሩታላችሁ። ምነው፣ ፈተና ነው እንዴ?»

«መኪናውስ?»

«እዚህ መጥቶ ይሸጣል...» አሉና ወደ ድልድዩ ዞሩ።

በገዛ መልሳቸው ተይዘው ነበር። ባለመቀሱ ጉሙን ሲያዩ፣ የሰፏት ወንበር ድልድዩ ላይ ስትሄድ ስትመጣ ታየቻቸው። በተሻገረች ቁጥር አንድ የማያውቁት ሰው ጫፏን በመቀስ ይወስድባታል። ወንበሯ እያነሰች፣ እያነሰች ሄደች።

«እርስዎ ሠራተኞችዎን አሥር ጊዜ ለኩ፣ አንዴ ቁረጡ ይላሉ» አለች ልጅቱ ቀስ ብላ። «ይኼ ቀረጥ ግን ሳይለካ አንዱን ልብስ አራቴ መቁረጥ ነው። ዋጋው ሲወደድ አለቆቼ ሌላ አገር ያሰፋሉ። የሚዘጋው የማዶው ቤት እንዳይመስልዎ፣ የእርስዎ ነው።»

«ታዲያ ስፖንጁንም እዚሁ እንሥራዋ! ምን ያንሰናል?»

«ጊዜ ያንሰናል፣ አጎቴ። ፋብሪካው እስኪቆም፣ ባለሙያው እስኪሠለጥን ሰፊዎችዎ በምን ይደሩ? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

«ተረት ለእኔ? እኔ ያስተማርኩሽን!»

«ያስተማሩኝን ነው የመለስኩልዎ።»

ሳይወዱ ሳቁ። ግን እልህ ቶሎ አይለቅም። «መንግሥትስ ያለ ቀረጥ በምን ይኑር?» አሉ።

«ይቅረጥ እንጂ! ግን አንዴ፣ መኪናው አልቆ ሲሸጥ። ሥራ ላይ ያለው ዕቃ ታሽጎ፣ ሳይቀረጥ ይለፍ።»

የአዳራሹ በር ሲከፈት ልጅቱ ጉልበታቸውን ስማ ወደ ጉሙ ሮጠች። ባለመቀሱ እግራቸው መሬት የነካ ሳይመስላቸው ገቡ። በኋላው ረድፍ በገዛ ቤታቸው የሚሰፉላቸው ሴቶች ተደርድረዋል፤ እርሳቸውን ሊደግፉ ሥራ ትተው የመጡ ናቸው።

«ሐሳብዎን ያስረዱልን» አሉ ሰብሳቢው።

«ወገኖቼ፣ ተሳስቻለሁ» አሉ። የወንበሯን መንገድ ከነምልልሱ ዘርዝረው ነገሯቸው። «ወንበሯ በየመሻገሪያው ካልተቀረጠች ሰፊዋ ትሰፋለች፣ በያጁም እሳቱ አይጠፋም። መኪናው ረከስ ሲል ገዢው ይበዛል፤ ገዢው ሲበዛ መንግሥትም ድርሻውን አያጣም።»

«ትናንት ሌላ ብለውን ነበር እኮ!» አለ አንዱ ተቆጥቶ።

«ብያለሁ፣ እናንተም አጨብጭባችሁልኛል። ዛሬ የምለምናችሁ የትናንቱን እኔን እንዳትሰሙት ነው።»

«እንግዲህ ቀረጡ ይቅር የሚል እጁን ያንሣ» አሉ ሰብሳቢው። ከዚያ የኋላው ረድፍ ተንቀሳቀሰ። ሴቶቹ፣ ሳያውቁ የገዛ ጉሮሯቸውን ሊዘጉበት ያመጡትን እጅ፣ ለጉሮሯቸው ሲሉ አነሡት።