የዓባይነህ ሣጥን

ክቡራትና ክቡራን፣ ይህን የስንብት ድግስ ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስሜነሽ ገና ሳልጀምር መሐረብ አውጥታለች። መልሺው፣ የሚያስለቅስ ነገር አልጻፍኩም።

አዎ፣ ጽፌ ነው የመጣሁ። ፊደል የለየሁት እዚሁ ዕቃ ማደሻችን ውስጥ፣ ከቀለም ቆርቆሮ ላይ ነው። መጀመሪያ አንብቤ የጨረስኩት «ከሕፃናት ያርቁ» የሚለውን ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ መጻሕፍት አነበብኩ፤ እንደዚያ ያኮራኝ ግን የለም።

እዚህ ቆሰበር ከተማ፣ የሰው ጓዳ የጣለውን አሮጌ ሣጥንና ገበቴ እየፋቅን፣ እየቀባን፣ የሳሎን ጌጥ ስናደርግ ኖርን። ያን ቀፎስ የረሳ አለ? ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ፣ ከግንድ የተፈለፈለ አሮጌ ቀፎ ለአዳራሹ ጌጥ እንድናድስለት ሰጠን። ውጩን በቀይና በአረንጓዴ አሳመርኩት። የውስጡን ሰም ግን ሽታው ደስ ስላለኝ ሳልፍቅ ተውኩት። ሳምንት ሳይሞላ ንቦች ገቡበት። ከእንግዶቹ ቀድመው አልጋ ያዙ።

ኃላፊያችን አቶ ይሄይስ የሞተር ሄልሜት አጥልቀው ሊያስወጧቸው ሄዱ። አንዲት ንብ ግን አብራቸው ሄልሜቱ ውስጥ ገብታ ኖሯል። አንድ ዓይናቸው አብጦ ሲመለሱ ሳቄ አመለጠኝ። ደንግጬ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ።

«ይሳቁ እንጂ፣ እትዬ ሙሉነሽ» አሉኝ፤ «ዓይኔን የከፈልኩበት ሳቅ ነው።»

ለምን እንደደነገጥኩ ልንገራችሁ። ባለቤቴ ዓባይነህ ታሞ ተኝቶ ሳለ ግምጃ ቤት የሚባለው ገበያ ወጣሁ። እሱ ሲያርፍ እኔ ከሴቶች ጋር እየሳቅሁ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳቅ የሰው ንብረት ይመስለኝ ጀመር።

የከተማውን ሣጥን ሁሉ ስቀባ፣ እሱ በእጁ የሠራውን ግን በጭስ እንደጠቆረ የተውኩት ለዚህ ነው። ስትጠይቁኝ ጊዜ የለኝም እላችሁ ነበር። ውሸቴን ነው። አምሮ ማየቱን ፈርቼ ነው።

እንግዲህ ዳንግላ፣ ልጄ ዘንድ መሄዴ ነው። እንደጠቆረ ልውሰደው? ዛሬ ጠዋት ዞር ዞር ብዬ አየሁት። ዓባይነህ እኮ ቀልደኛ ነበር። የአቶ ይሄይስን ዓይን ቢያይ ከእኔ ብሶ ነበር የሚስቀው።

ስለዚህ ሣጥኑን በባጃጅ አስጭኜ መጣሁ፤ ደጅ ነው ያለው። ብቻዬን አልቀባውም። ሁላችሁም የወደዳችሁትን ቀለም ይዛችሁ ቀቡልኝ። ስሜነሽ፣ ሁልጊዜ የምከለክልሽን ያን ትልልቅ አበባ ሳይበት። ቀለሞቹ ቢጣሉም ግድ የለም፤ ዳንግላ እስኪደርሱ ይታረቃሉ።

እጃችሁ አይዛል። ቤታችሁ ሳቅ አይጣ። የልጆቻችሁን ወግ ማዕረግ ያሳያችሁ። እኔንም ደግሞ በጤና መልሶ ያገናኘኝ።

በሉ እንውጣ። ቀለሙን በጥብጬ ነው ንግግር የጀመርኩት፤ እንዳይደርቅብን።