በስሜ የተሰጠ ምስክርነት

የምስክር ቃል መቀበያ

ምስክር፦ የተጠርጣሪው ባለቤት ታላቅ እህት
ዕድሜ፦ 48
ሥራ፦ በሆስፒታል የኩላሊት እጥበት ክፍል ኃላፊ ነርስ
አድራሻ፦ ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ የሠራተኞች መኖሪያ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜና ቦታ፦ ሰኞ ጠዋት፣ በጣቢያው የምርመራ ክፍል
ጉዳዩ፦ በሐሰተኛ ማስረጃ ሥራ መያዝና በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስ

ለምን እንደተጠራሁ ተገልጾልኛል። በሐሰት ብናገር እንደሚያስጠይቀኝ አውቄ ቃሌን እንደሚከተለው እሰጣለሁ።

ተጠርጣሪውን የማውቀው ታናሽ እህቴን ካገባ ጊዜ ጀምሮ ነው። ጠብ አለዎት ወይ ተብዬ ለተጠየቅሁት፣ ጠብ የለኝም፤ ንቀት ግን አለኝ፤ ይህም ተጽፎ ይያዝልኝ።

ሰውየው የቤት ዕቃ መደብር ሻጭ ነበር። መደብሩ ባለፈው ዓመት ተዘጋ። አብረውት የነበሩት ሻጮች በየሱቁ እየዞሩ፣ ዘመድ እያስቸገሩ ሌላ ሥራ ሲይዙ፣ እሱ ሳሎን ቁጭ ብሎ በኢንተርኔት ነጻ ሥልጠና ወሰደ። ሥልጠናው ኮድ መጻፍ የማይችል ሰው የራሱን የኤአይ ኤጀንት፣ ማለትም በራሱ የሚሠራ የኮምፒውተር ረዳት፣ ሠርቶ እንዴት ሥራ እንደሚያፈላልግ የሚያስተምር ነው። አንድ እሑድ ቤታቸው ስሄድ አሳየኝ። ስክሪኑ ላይ ሣጥኖች በመስመር ተያይዘዋል። «ይሄኛው ማስታወቂያ ይለቅማል፣ ይሄኛው ሲቪዬን እንደየመሥሪያ ቤቱ ያስተካክላል፣ ይሄኛው ደግሞ ለሚመጣው ኢሜይል መልስ ይሰጣል» አለኝ። «አንተስ?» አልኩት። «እኔ አስተዳድራቸዋለሁ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤተሰባችን ዘንድ ስሙ ማናጀሩ ነው። በዚያ ሰዓት እህቴ ላውንደሪ ቤት የሰው አንሶላ ስትተኩስ ውላ ገብታ እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣ ነበር።

መሣሪያውን አልወቅስም። እኔ ራሴ ቀኑን ሙሉ ከማሽን ጋር ነው የምውለው። ማሽን የነገሩትን ይሠራል፤ ምን እንደነገሩትና ምን እንደሠራ ግን ቆሞ የሚያይ ሰው ይፈልጋል። ማናጀሩ አያይም። ጠዋት ከፍቶት እንቅልፉን ይቀጥላል።

በሥራ ማመልከቻው ውስጥ ስለ አመልካቹ የሚመሰክር ሰው በሚለው ቦታ ላይ የእኔን ስምና የሥራ ኃላፊነት ሞልቶ፣ ኢሜይሉን ግን የራሱን ሁለተኛ አድራሻ እንዳደረገ ያወቅሁት ጉዳዩ ከፈነዳ በኋላ ነው። ለምን እንዲህ እንዳደረገ ዓርብ ዕለት እዚሁ ጣቢያ በተረኛው ፖሊስ ፊት ጠየቅሁት። «እርስዎን ላለማስቸገር ብዬ ነው» አለኝ። ማናጀሩ በደህናው ቀን አንቺ ነው የሚለኝ፤ ወደ እርስዎ የሚዞረው ጥፋት ሲኖርበት ነው።

ከአንድ ወር በፊት በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ተንከባካቢ ሆኖ መቀጠሩን ሰማሁ። እህቴ ዘንድ ደውዬ «የራሱን ካልሲ ከመሬት የማያነሳ ሰው ምኑን ነው የሚንከባከበው?» አልኳት። «እትዬ፣ ሥራ አገኘ በቃ! አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ማጣጣል ነው» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ። እኔም ተውኩት። ወለል ያስወለውሉታል ብዬ ገምቼ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የመንከባከቢያ ቤቱ ኃላፊ፣ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡ ሴት፣ የሥራ ክፍሌ ድረስ መጡ። ፊታቸው ገርጥቷል። ቀድሞ ልብስ ሰፊ የነበሩ አንዲት አሮጊት በዚያው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ምግብ አንቋቸው ነበር። እኒህ ሴት መዋጥ ስለሚቸግራቸው የተፈጨ ምግብ ብቻ እንዲሰጣቸው ከአልጋቸው በላይ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። ማናጀሩ ብስኩት ሰጣቸው። ነርሷ ደርሳ ከጉሮሯቸው አወጣችላቸው፤ ፍርፋሪው ግን ሳንባቸው ገብቶ አሁን እኛው ሆስፒታል በኦክስጅን ላይ ናቸው። ኃላፊዋ እንዲህ አሉኝ፦ «እኔ የቀጠርኩት የእርስዎን ደብዳቤ አምኜ ነው። ነርስ ነርስን ካላመነች ማንን ታምናለች?» የምን ደብዳቤ እንደሆነ እንደማላውቅ ስነግራቸው ከቦርሳቸው አውጥተው ሰጡኝ።

ደብዳቤው ማናጀሩ የእኔን እናት በመጨረሻ ሕመማቸው ጊዜ እንዳስታመመ ይናገራል። ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ «ስትጣራ ሁለቴ አያስጠራትም። ሲያገላብጣት ልክ እንደ ሕፃን ነው። ስትሰድበው እንኳ እየሳቀ ፀጉሯን ያበጥራታል።» ሥሩ ላይ ስሜና ማዕረጌ አለ።

ቃላቱ የእርስዎ ናቸው ወይ ተብዬ ለተጠየቅሁት የምሰጠው መልስ የሚከተለው ነው። ደብዳቤውን አልጻፍኩም፣ እንዲጻፍም አልፈቀድኩም። ቃላቱ ግን የእኔ ናቸው። እናታችን ሊያርፉ ጥቂት ሲቀራቸው፣ በሌላ ከተማ ለሚኖረው ታላቅ ወንድማችን በስልክ መልእክት የጻፍኩለት ነው። የጻፍኩት ስለ እህቴ ነው። የእኔ መልእክት «ስትጣራ ሁለቴ አታስጠራትም። ስታገላብጣት ልክ እንደ ሕፃን ነው። ስትሰድባት እንኳ እየሳቀች ፀጉሯን ታበጥራታለች» ይላል። ኤጀንቶቹ ሴቷን ወንድ አድርገው፣ እህቴን አውጥተው እሱን አስገቡት። እናታችን ሲጣሩ ማናጀሩ ያደርግ የነበረው የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ማድረግ ነው።

መልእክቱ እሱ ዘንድ እንዴት እንደደረሰ ወንድማችንን ደውዬ ጠየቅሁት። የእህቴ ስልክ በዚያ ሰሞን ውሃ ገብቶበት አይሠራም ነበር። ወንድማችን መልእክቱን ለባሏ ልኮ «አሳያት፣ ደስ ይላታል» ብሎታል። ማናጀሩ አላሳያትም። በኋላ ኤጀንቶቹን ሲያዘጋጅ «እንዲያውቁኝ» በሚል የስልኩን መልእክቶች በሙሉ ጫነላቸው። መንከባከቢያ ቤቱ በስሜ ወደ ተሞላው አድራሻ ስለ እሱ ጠይቆ ኢሜይል ሲልክ መልስ ሰጪው ኤጀንት ይህንኑ አገኘና አሰማምሮ ላከ። ማናጀሩ ዓርብ ዕለት ለዚህ ያቀረበው መከላከያ «እኔ እኮ ሳላነበው ነው የተላከው» የሚል ነው። ይህን ሲናገር ነጻ የሚያወጣው መስሎት ነበር።

ቅዳሜ እህቴ ሆስፒታል መጣች። ልብስ መቀየሪያ ክፍል አስገብቼ በሩን ዘጋሁ። «እትዬ፣ በእማዬ ሞት፣ ደብዳቤውን እኔ ነኝ የጻፍኩት በይላቸው። አንቺን ማን ደፍሮ ይናገርሻል?» አለችኝ። እንዲህ ብል የሙያ ፈቃዴን እንደምነጠቅ ታውቃለች። አልተቆጣኋትም። ደብዳቤውን አንብባው እንደሆነ ጠየቅኳት፤ አላነበበችም። ወረቀቱን ሰጠኋት። ቆማ አነበበችና ፀጉር ማበጠሩ ላይ ስትደርስ ቀና አለች። «እማዬን የሚያበጥራት ማን ሆነና?» አለችኝ።

ስልኬን ከፍቼ የድሮውን መልእክት አሳየኋት። አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«ስለ እኔ ነው?»

«ስለ ማን ይሆናል ታዲያ?»

«እሱ ስልክ ላይ ነበረ?»

«ነበረ።»

«ያኔ ሁላችሁም የማታዩኝ ይመስለኝ ነበር፤ ያኔ ባነበው እኮ…» አለችና አልጨረሰችውም። ወረቀቱን አጣጥፋ መለሰችልኝ። «በይ የሆነውን ተናገሪ» ብላኝ ወጣች።

የምጨምረው ካለ ተጠይቄ፣ ደስ ባይለኝም የምጨምረው አለኝ። የመንከባከቢያ ቤቱ ኃላፊ እንደነገሩኝ፣ አሮጊቷ ሲታነቁ ማናጀሩ አልሸሸም። ኮሪደሩ እስኪናወጥ ጮሆ ነርሷን ጠርቷል፤ ብስኩቱን የሰጠው እሱ መሆኑን፣ ስለ ሥራውም ምንም እንደማያውቅ ሳይጠየቅ ተናግሯል። ያን ያህል ሰው ነው። ከዚያ በላይ ስለ እሱ በጎ ነገር አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት አሮጊቷን ገብቼ አይቻቸዋለሁ። ትናንት ዓይናቸውን አልገለጡም ነበር፤ ዛሬ ገልጠዋል። እህቴ እስከ ጣቢያው አብራኝ መጥታለች። ለባሏ ንጹሕ ልብስ፣ ተተኩሶ የታጠፈ፣ አምጥታለታለች። ተረኛው «ግቢና እይው» ሲላት ልብሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ ሥራዋ ሄዳለች።

ከላይ የሰፈረው በመርማሪው ተነቦልኝ፣ እኔ በአንደበቴ የተናገርኩት መሆኑን፣ የተጨመረበትም የተጓደለበትም እንደሌለ፣ እውነት መሆኑንም በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ተፈርሟል
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፖሊስ ፊርማ፦ ተፈርሟል