አውድማው ላይ ያመለጠኝ ቃል

ታናሽ እህቴን የኔነሽን በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግኋት። ዕድሜዬን በሰው አገር ከመጽሐፍ ጋር ጨርሼ፣ እንፍራንዝ አጠገብ ወዳለው የአባታችን ቤት ስመለስ ግን «እርስዎ» ብላ ተቀበለችኝ። «አንቺ በይኝ እንጂ» ስላት «ምነው፣ እንዴት ይሆናል!» እያለች መከዳ ታመቻችልኛለች። ማክበሯ መሆኑን አጥቼው አይደለም፤ ነገር ግን እንደኔ ርቆ የኖረ ሰው፣ አክብሮት ባዳን ከደጅ ማቆያም እንደሚሆን ያውቃል።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ማለዳ፣ ከጓሮ ለጤፉ የሚሆነውን አውድማ በእበት ስትለቀልቅ አገኘኋት። «ይተዉ፣ ልብስዎ ይበላሻል» ብትለኝም እጅጌዬን ሰብስቤ ገባሁ። የእበቱ ሽታ ሲያውደኝ እናቴ ከጎኔ ያለች መሰለኝ። ጎንበስ ብለን፣ እጃችን እየተነካካ፣ ከዳር እዳር አዳረስነው። ወገቤን ይዤ ቀና አልሁና በደስታ «ተመስገን፣ አለቀ!» አልሁ።

የኔነሽ ክው አለች። «አንቺ! አፍሽን ያዢ! እህል ባልገባበት አውድማ አለቀ ይባላል? በረከተ በይ!»

አጥሩን የሚጠግነው ጎረቤታችን አያ ታከለ ከት ብሎ ሳቀ። «እህትሽ ያን ሁሉ መጽሐፍ ስታገላብጥ ይህቺን ሳታገኛት ቀረች?»

«በረከተ» አልሁ። እንባዬ መጣ። አንቺ ብላኛለች፤ ያውም በቁጣ፤ እንግዳን ደግሞ ማንም አይቆጣም። እህቴ ያለችውን ልብ እንኳ አላለችውም፤ እንደገና አጎንብሳለች።

«ምን ቆመሽ ታያለሽ?» አለችኝ። «ጠርዙ ሳስቷል፤ እበት አምጪ።»