የፈረሰኛውን ፊት የመለሱት የአቶ ወገኔ ባምላክ ዜና ሕይወት

አቶ ወገኔ ባምላክ ባለፈው ሐሙስ ጧት እንጅባራ በሚገኘው ቤታቸው በሳንባ ሕመም አርፈዋል።

አቶ ወገኔ ከአባታቸው ከአቶ ባምላክ ደረሰ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስሜነሽ አዝመራው በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ በአዲስ ቅዳም አቅራቢያ በ1960 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ቀድመው ስለሞቱባቸው ከታናሽ ወንድማቸው ጋር ከሰል ተሸክመው ገበያ እያወጡ እናታቸውን ረዱ፤ ትምህርታቸውንም ከስምንተኛ ክፍል አቋረጡ። ስለዚያ ዘመን ሁለቱ ወንድማማቾች ብዙ አልተናገሩም፤ ዛሬም አይነገርም።

በኋላ ዳንግላ ሄደው ከአንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ሙያ ተምረው፣ ወይዘሮ ዘውድነሽ ምስጋናውን አግብተው፣ እንጅባራ ላይ ሱቅ ከፈቱ። የጥር ሃያ ሦስቱ የፈረሰኞች በዓል በቴሌቪዥን በተላለፈ ቁጥር በካሴት ይቀዱ ነበርና፣ የድሮው ምስል ግራና ቀኙ ጥቁር የሚቀርባቸው ሰፋፊዎቹ ቴሌቪዥኖች ሲመጡ ሰው ሁሉ ያንን ቅጂ ስክሪኑን በሚሞላ ዲስክ አድርገው እንዲሰጡት ጠየቃቸው።

መጀመሪያ ምስሉን ወደ ጎን ለጠጡት። አቶ ይሄነው የተባሉ ባለፈረስ ዲስኩን አይተው ተመለሱና «ወገኔ፣ ፈረሴን እንደ በሬ አደለብህብኝ!» ብለው በገበያተኛ ፊት ሳቁባቸው። ፈረስ በሚከበርበት አገር ይህ ቀላል ነገር አልነበረምና፣ ከዚያ ወዲህ መለጠጡን ትተው የምስሉን ላይና ታች እየቆረጡ ስክሪኑን ይሞሉ ጀመር። የፈረሱ ቁመና ተስተካከለ፤ እሳቸውም ከፈረሱ ሌላ አያዩም ነበር።

ወይዘሮ እንቁ የተባሉ ደንበኛቸው የፈለጉት ግን ልጃቸውን ነበር። ሰውነት የተባለው ልጃቸው በጫግኒ መንገድ በመኪና አደጋ ሞቶ፣ ሲንቀሳቀስ የሚታይበት ምስል በአንዱ ዓመት በዓል በእርካብ ላይ ቆሞ ሲጋልብ የተነሳው ብቻ ነበር። ለሙት ዓመቱ ዘመድ ተሰብስቦ አቶ ወገኔ የሠሩላቸው ዲስክ ሲከፈት ፈረሱ እንዳማረበት መጣ፤ የልጁ ራስ ግን አልነበረም። እናቲቱ ሱቅ ድረስ መጥተው «ልጄን ደግመህ ቀበርኸው» አሏቸው። አቶ ወገኔም የልጁ ራስ ያልተቆረጠበትን ዋናውን ካሴት ፈልገው አወጡ።

ካሴቱ በእንጅባራ እርጥበት ሻግቶ፣ ላልቶም ስለነበር ደግሞ ዴክ ውስጥ ቢገባ እንደሚበጠስ ያውቁ ነበር። ባለቤታቸው «ይተዉት፤ ከተበጠሰ በምን ዓይንዎ ያዩአቸዋል?» ቢሏቸውም፣ ሻጋታውን በጥጥ ጠርገው፣ ወይዘሮ እንቁን አጠገባቸው አስቀምጠው ዴኩን አስነሱት። ምስሉ ተንቀጠቀጠ፤ ጠፋ፤ ተመለሰ፤ ልጁ ፊቱ እየታየ ጋልቦ አለፈ። ወዲያው ካሴቱ ተበጠሰና ዴኩ ውስጥ ተጠመጠመ። ፊቱ ግን ተቀድቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ የማንንም ምስል አልቆረጡም። ደንበኛ በግራና በቀኝ ስለቀረው ጥቁር ሲያጉረመርም «ጥቁሩ ይቆይ፤ ሰው ይታይ» ከማለት በቀር አልተከራከሩም። ሳንባቸው ታሞ ትንፋሽ እስኪያጥራቸውም ድረስ ከሥራቸው አልቀሩም።

እግዚአብሔር የአቶ ወገኔን ነፍስ ከደጋጎቹ አባቶች አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ዘውድነሽ፣ ለልጆቻቸው ለናርዶስና ለሕይወት መጽናናትን ይስጥልን። ወይዘሮ እንቁም ከሐዘንተኞቹ ጋር ተቀምጠዋል። ከአቶ ባምላክ ልጆች የቀረው ይህን የሚያነበው ታናሽ ወንድማቸው ምህረቴ ብቻ ነው።