ዓባይ በረሃ ላይ ያማተቡልኝ እናት

ከቃሊቲ ቆርቆሮ ጭኜ ወደ ጎጃም ስሄድ ነው፤ አዲሱ ድልድይ ከመሠራቱ በፊት። ጎሃ ጽዮን ላይ አንዲት አዛውንት «ደጀን አድርሰኝ» ብለውኝ ጋቢና አሳፈርኳቸውና የዓባይን ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ተያያዝነው። ጠዋት ከሰፈሬ ጸሎቴን አድርሼ ነው የተነሳሁት፤ ቢሆንም ቤተ ክርስቲያን አይቼ ሳላማትብ ማለፍ አይሆንልኝም። አንዱ ጥምዝ ላይ ከማዶ ጉልላት ብቅ ሲል ቀኝ እጄን ከመሪው አንስቼ ግንባሬን ስነካ፣ እናቲቱ እጄን አፈፍ አድርገው መሪው ላይ መለሱት። ለካ ጎማው የገደሉን አፋፍ ሊረግጥ ነበር።

«ምን እየሠራህ ነው ልጄ?»

«እያማተብኩ ነዋ እማማ።»

«እሱንማ አየሁ። ማማተቡን ለእኔ ተወውና አንተ መሪህን ያዝ።»

ደንግጬም ተናድጄም ነበር። «ለሌላ ሰው ይማተባል እንዴ?» አልኳቸው።

«እናት ለልጇ ስታማትብ አላየህም? እስከ ደጀን ልጄ ነህ።»

ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ባዩ ቁጥር ሁለት ጊዜ እያማተቡ፣ «ይቺ የእኔ፣ ይቺ የሾፌሩ» ይላሉ። እኔም መሪዬን በሁለት እጄ ጨብጬ በአፌ ብቻ እየጸለይኩ ድልድዩን ተሻገርን፤ ዳገቱንም ወጣን። ደጀን ስንደርስ ከጋቢናው ወርደው በሩን ሳይዘጉ፣ «በል፣ አሁን እጅህ ተፈቷል» አሉኝ። ሞተሩን አጠፋሁ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩና ሁለት ጊዜ አማተብኩ። አንዷ የእሳቸው ናት።