የአዋላጇ ብስክሌት

ከአምደወርቅ ወደ ሰቆጣ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ቄስ፣ አጠገባቸው ያለችውን ወጣት ሲያጫውቷት ሰማሁ።

«ልጄ፣ ጣሪያው ላይ የታሰረው ብስክሌት ያንቺ ነው?»

«አዎ አባ። ሰቆጣ ላሠራው ነው።»

«ይህን ሁሉ ዳገት በሱ ትወጪዋለሽ?»

«ዳገቱን እኔ እገፋዋለሁ፤ ቁልቁለቱን እሱ ይወስደኛል።»

ቄሱ ሳቁ። «ምን አስበሽ ገዛሽው?»

«ገጠር ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነኝ። አንዲት እናት ምጥ ይዟት በእግሬ ስሄድ፣ ሳልደርስ ሕፃኑ ሞተ። ከዚያ በኋላ ነው የገዛሁት።»

«እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

«ባለፈው ክረምት ያችኑ እናት እንደገና ምጥ ያዛት። አምቡላንሱን ጭቃ ያዘው። እኔ በብስክሌቴ ገሠገሥኩ፤ ጎማው ሲሰምጥ ተሸክሜው ሮጥኩ። በሰላም ተገላገለች አባ፣ ወንድ ልጅ!»

«ተመስገን! ስሙን ማን አሉት?»

«ደረሰ።»

«የደረሰው ሕፃኑ ነው ወይስ አንቺ?»

«እኔም እናቱን ይህንኑ ጠየቅኋት።»

«ምን አለችሽ?»

«‹ሁለታችሁም አይደላችሁም፤ ብስክሌቱ ነው› አለችኝ።»

ከኋላቸው ሆኜ ሳቄንም እንባዬንም በነጠላዬ ጫፍ አፈንኩት።