ለድንኳን የተጠበቀው ግቢ

መስከረም በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከዓለም ባንክ ሰፈር በመጣ ሚኒባስ ፌርማታችን ላይ ስወርድ ጎረቤቴን ጋሽ ሀብተማርያምን አገኘኋቸው። አራት ከረጢት ሲሚንቶ በእጅ ጋሪ አስጭነው ከጋሪው ኋላ ይራመዳሉ። ከመጋዘን ኃላፊነት በጡረታ የተገለሉ፣ የሰፈራችንን እድር ዘጠኝ ዓመት በዳኝነት የመሩ፣ ቃላቸው የሚደመጥ ሰው ናቸው። ሰላምታቸው ረጅም ነው፤ የቤተሰቡን ሁሉ ጤና ሳይጠይቁ እጅ አይለቁም። የዚያን ቀን ግን «እንደምን አደሩ፣ መምህር» ብቻ ብለው ጋሪውን ተከተሉ።

ሲሚንቶው ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ግቢዬን ሊሾ ላስደርገው ነው» አሉኝ። «ከዛሬ ወዲያ ዶማ የማይነካው አደርገዋለሁ።»

እየተራመድን ነገሩን አጫወቱኝ። ለለቅሶ ሰላሌ ሄደው ሦስት ቀን ቆይተው ሲመለሱ፣ ባለቤታቸው እትዬ ጽጌማርያምና የጎረቤታችን የአቶ ሽኩር ልጅ ነኢማ፣ ግቢው ላይ የተደፋውን ጠጠር ጠርገው አራት መደብ ቆፍረው ጠበቋቸው። በአንደኛው ላይ የጎመን ችግኝ ሳይቀር ተተክሏል። እሳቸው ደግሞ ያንን ግቢ ያስቀመጡት ለድንኳን ነው። የእድር ዳኛ ሆኜ፣ አሉኝ፣ ከቤቴ ሰው ቢሞት ድንኳን የምጥልበት አጥቼ ልዋረድ ነው? በዚያ ላይ መንገደኛው በበሩ አሻግሮ አይቶ፣ ሀብተማርያም ጡረታው አልበቃ ብሎት ጎመን ተክሎ ይበላ ጀመር ቢልስ?

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። ሃያ ስድስት ዓመት ኮልፌ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ፤ ይህን የመሰለ ነገር ስሰማ ግን ዛሬም ዝም ማለት አልችልም። ከገጠር የመጣ ሁሉ ከተማ ሲገባ መጀመሪያ የሚያፍረው በአፈር ነው። ኮንዶሚኒየም ላይ ያሉት ሰዎች በተሰነጠቀ ባኞ አፈር ሞልተው በረንዳ ላይ ቃሪያ ያበቅላሉ፤ እኛ ግቢ ያለን ሰዎች ግቢያችንን ደፍነን ጎመን ልንገዛ እንሰለፋለን። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው። ይህንኑ ነገርኳቸው። እሳቸውም በትሕትና፣ መምህር የራስዎ ግቢ ላይ ምን ተክለዋል አሉኝ። የተከልኩት ነገር ስላልነበረ የጋሪውን ጎማ እያየሁ ሄድኩ።

ግቢው ስንደርስ እትዬ ጽጌማርያም በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጸሐይ ይሞቃሉ። የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ በነሐሴ ደግሞ ታይፎይድ ይዟቸው ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኝተው ነበርና ገና አላገገሙም። ነኢማ እጇ አፈር እንደሆነ ብድግ ብላ ሁለታችንንም ሰላም አለች። የድሮ ተማሪዬ ናት። የእጽዋት ሳይንስ ተምራ በዲግሪ ከተመረቀች ሁለት ዓመት አልፏታል፤ እስካሁን የአባቷ ጫማ መሸጫ ውስጥ ነው የምትውለው። ይህም ራሱ ያናድደኛል፤ ለዛሬ ግን ልተወው።

ጋሽ ሀብተማርያም ሲሚንቶውን አስወረዱና በጨዋ ደንብ ጀመሩ። ነኢማን እንደ ልጃቸው እንደሚያዩዋት፣ ክፋት አስባ እንዳላደረገችው እንደሚያውቁ፣ ነገር ግን የሰው ግቢ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እንደማይቆፈር ነገሯት። ነኢማ አንገቷን ደፍታ ሰማቻቸው። ያዘዙት እትዬ ጽጌ መሆናቸውን ለመናገር እንኳ አልፈለገችም።

«ጋሼ፣ መሬቱ የእርስዎ ነው» አለች በመጨረሻ። «ይደፈን ካሉ ይደፈናል። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። እትዬ ጽጌ ሳይታመሙ በፊት ሰላጣውን ከየት ነበር የሚገዙላቸው?»

«ከድልድዩ ሥር ነዋ። ሐኪሙ ቅጠላ ቅጠል ትብላ ካለ ወዲህ በየቅዳሜው ራሴ እየሄድኩ ነው የማመጣላት። የጠወለገ አልገዛም። ውሃ የሚያንጠባጥበውን ነው መርጬ የማነሳው።»

«ውሃው ከየት መጥቶ ነው የሚያንጠባጥበው?»

ጋሽ ሀብተማርያም ወደ ድልድዩ አቅጣጫ ዞር አሉ። በድልድዩ ሥር የሚያልፈውን ወንዝ የማያውቅ ሰፈራችን ውስጥ የለም። የየግቢው ሽንት ቤት ክረምት ሲገባ ወደዚያው ነው የሚለቀቀው። ድልድዩን ስንሻገር አፍንጫችንን እንይዛለን፤ ከሥር ወርደን ግን በዚያው ውሃ ታጥቦ የራሰውን ቅጠል ትኩስ ነው ብለን እንመርጣለን። ደረቁን የሚያመጣው ሻጭ ገበያ ስለሚያጣ እሱም ወንዝ ወርዶ ይነክረዋል። ውሃውን የምናስጨምረው እኛው ገዢዎቹ ነን።

«በሰላጣው ነው የታመሙት ብዬ አልምልም፤ ሐኪም አይደለሁም» አለች ነኢማ። «ሐኪሙ ግን ጥሬ ምን በልታ ነበር ብሎ ሲጠይቅዎት ሰላጣ ብቻ ብለውታል። አብሬዎት ነበርኩ።»

«እንግዲያው ከሌላ ቦታ እገዛለሁ» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «ይህ ግን ግቢውን አያስቆፍርም። ሰው ሟች ነው፣ ልጄ። ድንኳኑስ የት ይጣል?»

ነኢማ ልትመልስ ስትል እትዬ ጽጌማርያም እጃቸውን አነሱ።

«ሀብተማርያም» አሉ፣ «ጠጠሩን ያስደፋኸው እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ ነው አይደል?»

«ክረምት ነበር እኮ፣ ጽጌ። ግቢው ጨቅይቶ ነበር።»

«ሠላሳ ዓመት በየክረምቱ ጨቅይቷል። አንድ ቀን ጠጠር አላመጣህለትም። በዘጠነኛው ቀን ስመለስ ግቢው ተደልድሎ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ ሳይቀር ተፈትቶ አየሁት። ለምን እንደሆነ እዚያው በሩ ላይ ገባኝ። እኔ ገና እተነፍስ ነበር።»

«ለቀስተኛ ጭቃ ላይ እንዳይቀመጥ ብዬ ነው። ነውር እንዳይሆንብሽ።»

«ነውሩን አሰብክልኝ። ከዚህ መሬት አንድ ቅጠል ቆርጬ እንድበላ ግን አላሰብክልኝም። አሁንም ሲሚንቶ ይዘህ መጣህ።»

የምገባበት ጠፋኝ። ጠጠሩ የመጣ ዕለት አካፋ ይዘው ከደለደሉት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ያን ዕለት ማናችንም ለምን እንደሆነ አልጠየቅንም፤ ሁላችንም እናውቅ ነበርና። ሴትዮዋ ግሉኮስ ተተክሎላቸው ሳለ እኛ መቀመጫቸውን ሳይሆን የለቀስተኛውን መቀመጫ እናስተካክል ነበር፤ ስንጨርስም ተመሰጋግነን ተለያየን። መንገድ ላይ በጋሽ ሀብተማርያም ላይ የፈላው ደሜ አሁን በራሴ ላይ ዞረ። ይህን ክፋት ብዬ አልጠራውም፤ ጋሽ ሀብተማርያም ሚስታቸውን ይወዳሉ። ልማድ ግን የሚወድን ሰው እጅ ይዞ እንዲህ ያሠራዋል፣ ያውም በወግ በማዕረግ።

ጋሽ ሀብተማርያም ከሲሚንቶ ከረጢቶቹ በአንዱ ላይ ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ይቅርታ አድርጊልኝ ጽጌ አሉ። እትዬ ጽጌማርያም ነኢማን በአገጫቸው አመለከቷቸው፤ እሷን ጠይቅ ማለታቸው ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ክርክር የተሸናፊ ክርክር ነው፤ ግን ጠቃሚ ስለሆነ እጽፈዋለሁ። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እኛ ምን ጠጥተን ጎመኑስ ምን ይጠጣል አሏት ጋሽ ሀብተማርያም። መሬቱ የክረምቱን ውሃ እንደጠገበ ነው፣ ለዚህ ነው መስከረም ላይ ቶሎ ያልኩት አለች። ሩዝና ምስር የታጠበበት ውሃ ሳሙና እስካልነካው ድረስ ለጎመን ይሆናል። አፈሩም በደረቅ ሣር ከተሸፈነ እርጥበቱን ይይዛል። ፍግ ከየት እናመጣለን ላሏት፣ የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ ከአፈርና ከደረቅ ቅጠል ጋር ጉድጓድ ውስጥ ይብሰል፣ በየሳምንቱ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ በጆንያ ሞልተን የምንሰጠው እሱን ነው አለቻቸው። መደቡን ከአንድ ሜትር አላሰፋችውም፤ ግራና ቀኝ ቆመው ሳይረግጡ ለማረም እንዲመች ነው። ካሮትና ቀይ ሥር እዚያው ይዘራሉ እንጂ ችግኛቸው አይዛወርም። ሰላጣው ሁሉ በአንድ ቀን ከተዘራ በአንድ ሳምንት ደርሶ ይበላሻልና በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይዘራል። በሶብላ፣ ናና፣ ጦስኝና ጤና አዳም ማድ ቤቱ በር አጠገብ ይሁኑ አለች፤ ወጥ እሳት ላይ ጥዶ ማንም ግቢ ጫፍ ድረስ አይሄድም።

«ጦስኝስ ውሃ በየስንት ቀኑ ይፈልጋል?» አሉ ጋሽ ሀብተማርያም።

«እሱ ጥጋብ አይወድም፣ ጋሼ። የሚሞተው ውሃ ሲበዛበት ነው።»

ጥያቄው ሲመጣ ነገሩ እንዳለቀ አወቅኩ። ሊያፈርስ የመጣ ሰው ስለ ጦስኝ ውሃ አይጠይቅም። የቀረው ድንኳኑ ነበር፤ ነኢማም በጥያቄ መለሰችላቸው። በዘጠኝ ዓመት ዳኝነትዎ ስንት ድንኳን በሰው ግቢ ውስጥ አስጥለዋል አለቻቸው። ጣታቸውን እያጠፉ አሰቡና ሳቁ፤ የዚያን ቀን የመጀመሪያ ሳቃቸው ነው። ግቢው ሁሉ ጠባብ ስለሆነ ድንኳን የሚጣለው ወረዳው እየፈቀደ መንገድ ላይ ነው። ይህን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም፤ ፈቃዱን የሚያመጡት ራሳቸው ናቸው። ለማይመጣ ድንኳን ነው ሠላሳ ዓመት መሬት ያጾሙት። ሲሚንቶው በዚያው ሳምንት ለእድሩ ዕቃ ቤት ወለል ተሰጠ።

ሁለት ወር አለፈ። ስኳሩ ጠፋ ብዬ አልዋሽም፤ እትዬ ጽጌማርያም ግን ልኬታቸው ዝቅ ብሎላቸዋል፣ ሆዳቸውንም ዳግም አላመማቸውም። ጠዋት ጠዋት ጎመኑን ከሥር ከሥሩ እየቀነጠሱ፣ እያጎነበሱና እየተነሱ ስለሚውሉ ጉልበታቸው ተመልሷል። በጾም ቀን ቆስጣውም ሰላጣውም ከግቢ ይወጣል፤ የዓመቱን ግማሽ ያህል ለምንጾም ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የተረፈው አጥር ተሻግሮ ወደ አቶ ሽኩር ቤት ይሄዳል፤ ከዚያም ባዶ ሳህን አይመለስም። ጎመን በጤና እያልን ስንተርት የኖርነው ሰዎች፣ ጎመኑ ራሱ ጤና የሌለው ሆኖ ሳለ መተረታችንን አላቆምንም ነበር። ያማኛል ብለው የፈሩት መንገደኛም በበሩ ብቅ እያለ ዘር ይለምናል።

ኅዳር ላይ የእድሩ ወርኃዊ ስብሰባ ሲደረግ ጋሽ ሀብተማርያም ከአጀንዳ ውጭ ልናገር አሉ። እድራችን ለሞተ ሰው ወንበር፣ ድስት፣ ድንኳን አለው፤ ለታመመ ሰው ምን አለው ብለው ጠየቁ። ከዚያ የጠጠሩን ነገር ምንም ሳይደብቁ፣ ሚስቴ እየተነፈሰች መሬት አስተካከልኩላት ብለው ተናገሩ። የሚሳሳቁ ነበሩ፤ ወደ እሳቸው ዞሩ። ነኢማ በእድሩ ወጪ በየቤቱ እየዞረች መደብ ታሳይ፣ ዘርም ይገዛ ብለው ሐሳብ አቀረቡ።

ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር ደበላ የሚባል አናጺ ተነሣ። ባለቤቱ ጉዲቱ በኩላሊት ከተኛች ሦስት ሳምንቷ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

«ትናንት ዘመዶች መጥተው ግቢውን በእርምጃ ሲለኩ ዋሉ» አለ። «እሷ በመስኮት ታያለች። ምን እንደምላቸው አጣሁ።»

ስብሰባው ሲያልቅ ጋሽ ሀብተማርያም እጁን ይዘው አብረው ወጡ፤ በማግስቱም ጠዋት እሳቸው፣ ነኢማና እኔ ደበላ ቤት ሄድን። ሜትሩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አንድ ሜትር በሦስት ሜትር ስንለካ መስኮቱ ተከፈተ፤ ጉዲቱ ትራስ ተደግፋ አየችን። ፊቷ አመድ ለብሷል።

«ዛሬ ደግሞ እናንተ ናችሁ?» አለች። «ስንት ሰው ይይዛል አላችሁ?»

«ሰው አይደለም የምናስገባበት» አሉ ጋሽ ሀብተማርያም ባርኔጣቸውን አውልቀው። «መደብ ነው፣ ልጄ። ሐኪሙ ያልከለከለሽን ነኢማ ጽፋ ይዛለች። አንቺ የምትወጂውን ንገሪንና ከሱ እንጀምር።»

ጉዲቱ ደበላን አየችው፤ እሱ ዶማ ይዞ ቆሟል።

«በሶብላ» አለች። «ከመስኮቱ ሥር አድርጉልኝ፤ እንዲሸተኝ።»

ደበላ መስኮቱ ሥር ሄዶ መቆፈር ጀመረ። አንባቢ ሆይ፣ የአንተም ቤት ውስጥ ታሞ የተኛ ሰው ካለ፣ ግቢህን ለማን እንደምታስተካክል እሱ በመስኮት እያየህ ነው።